የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና የአበረታች መድኃኒት ጥያቄ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን ከተደረጉት ክርክሮች አንዱ፥ ስፖርተኞች ጉልበት የሚጨምር መድኃኒት ወስደው እንዲወዳደሩ ይፈቀድላቸው ወይስ ይከልከሉ የሚል ነበር። ዕጣ ሲወጣ እኔ ይፈቀድላቸው በሚለው ወገን ተደለደልሁ። ተከራካሪ የደረሰውን ወገን መያዝ ግዴታው ስለ ሆነ ያለኝን ሁሉ አቀረብሁ። ተደብቆ ከሚወሰድ ሐኪም እያየው ቢወሰድ ጉዳቱ ይቀንሳል ብዬ ተናገርሁ። የተፈጥሮ ዕድልም ቢሆን እኩል አይደለም፤ በከፍታ ቦታ የኖረና የተለማመደ ሯጭ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም ኃይሉ ስለሚጨምር በቆላ ካደገው ይበልጣል፤ እንግዲህ ተራራ ለአንዱ የሰጠውን መርፌ ለሌላው ቢሰጠው ነውሩ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ወገናችን አሸነፈ፤ ጭብጨባውም ብዙ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ከእኛ በታች ባለ ክፍል የሚማር፥ ማለዳ ማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሲሮጥ የማየው አንድ ልጅ ወደ እኔ መጣ። የተናገርሁትን ሁሉ አምኖ ኖሮ፥ ያ መድኃኒት የት እንደሚገኝና ስንት ብር እንደሚያወጣ ጠየቀኝ። ክለብ ለመግባት የሚያበቃው ሰዓት በጥቂት ሰከንድ እንደ ጎደለበት፥ አባቱም ከዚህ ዓመት በላይ ሩጫውን ሊታገሡት እንደማይችሉ አጫወተኝ። እኔ የተናገርሁት ለክርክር ነበር፤ እርሱ ግን የሰማኝ ለኑሮው ነበር። የምመልስለት ባጣ ጊዜ ጥቂት ቀን ስጠኝ ብዬ ሸኘሁት፤ ከዚያም ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ሩጫ የተጻፈውን ሳገላብጥ የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ እንደ አዲስ አነበብሁት። ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሕይወቱ ግን ለዚያ ልጅ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር እንዳለው ያወቅሁት ገና አሁን ስለ ሆነ፥ እነሆ ለእናንተም አቀርበዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀ፥ ዳገትና ቁልቁለቱን በባዶ እግሩ እየወጣና እየወረደ አደገ። በወጣትነቱም ገና መጫወት ይወድ ነበር። የገና ጨዋታ ሜዳው ሰፊ፥ ሩጫውም ብዙ እንደ ሆነ በገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ 19 ዓመት ገደማ ሲሆነው ኑሮ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ በክቡር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ።

በዚያን ጊዜ የሠራዊቱ ስመ ጥር ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር። አበበም በመጀመሪያ ጊዜ ከዋሚ ኋላ ይገባ እንደ ነበር ታሪኩ ይመሰክራል። ማንም ሰው ገና ሲጀምር አንደኛ አይሆንም። ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ግን የአበበን ብርታት አይተው ያሠለጥኑት ጀመር። ሥልጠናው ረጅም መንገድ መሮጥን፥ ደግሞም በየመካከሉ ፋታ እየወሰዱ አጭር ርቀት በፍጥነት መመላለስን የያዘ ነበር። ይህን የመሰለ ልምምድ በአንድ ሳምንት ፍሬ አያሳይም፤ ልብን፥ ሳንባንና እግርን ቀስ በቀስ የሚያጠነክር ነው እንጂ። አበበ ወደ ሮም ከመሄዱ በፊት በአዲስ አበባ በተደረገ ማራቶን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት ቼኮዝሎቫካዊው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር፤ ያውም የአዲስ አበባ አየር ስስ ሆኖ ሳለ። በውጭ አገር ግን ይህን ያወቀም፥ ያወቀውም ቢኖር ያመነ ጥቂት ነበር።

የሮም ኦሊምፒክ በተከፈተ ማግስት፥ ነሐሴ 20 ቀን 1952 ዓ.ም. አንድ አሳዛኝ ነገር ሆነ። በ100 ኪሎ ሜትር የብስክሌት ውድድር ላይ ክኑድ ኤኔማርክ የንሰን የሚባል የ23 ዓመት ዴንማርካዊ ወጣት በታላቅ ሙቀት መካከል ከብስክሌቱ ወድቆ በዚያው ቀን ሞተ። ለሞቱ የሙቀቱ ብርታት ምክንያት ሆኖ ተነገረ፤ ነገር ግን ከውድድሩ በፊት መድኃኒት ተሰጥቶት እንደ ነበር ወሬው ወጥቶ ብዙ አከራከረ። የሞቱ ትክክለኛ ምክንያት እስከ ዛሬ የሚያከራክር ቢሆንም፥ የስፖርት መሪዎች ስለ አበረታች መድኃኒት በብርቱ እንዲያስቡ ካስገደዱት ነገሮች አንዱ የዚህ ወጣት ሞት ነው።

ይህ በሆነ በ15ኛው ቀን፥ በዚያችው ከተማ፥ አበበ ቢቂላ ለማራቶን ውድድር ተሰለፈ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በአገራችን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በሮም የተገዛለት ጫማ እግሩን ስላቆሰለው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ቈረጠ። ከሻለቃ ኒስካነን ጋር አስቀድመው ስለ ተፎካካሪዎቹ ሲነጋገሩ፥ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ለብሶ ይሮጣል ተብሎ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥር ለብሶ ስለ ነበረ፥ አበበ አጠገቡ የሚሮጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ 26 ቁጥርን እየፈለገ ብዙ መንገድ ሄደ።

ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ በመሆኑ ፀሐይ ገብታ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ኋላ ትተው ጎን ለጎን ሮጡ። ፍጻሜው ሲቃረብ፥ የፋሺስት ጦር በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ወስዶት በሮም አደባባይ ከቆመው ሐውልታችን አጠገብ ሲደርሱ፥ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ራዲን ጥሎት ሄደ። በቈስጠንጢኖስ የድል በር ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲሆን ገባ፤ ይህም የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ራዲ በ25 ሰከንድ ያህል ተከትሎት ገባ። አበበ በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። በማግስቱ አገራችን ዕንቁጣጣሽን የተቀበለችው ከዚህ የምሥራች ጋር ነው። ያ የአክሱም ሐውልትም ብዙ ዘመን ቈይቶ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ከሮም በኋላ አበበ በአቴና፥ በኦሳካና በኮሺሴ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አምስተኛ ሆነ። ስለ ጀግኖች ስንጽፍ ሽንፈታቸውን መደበቅ ልማዳችን ነው፤ እኔ ግን አምስተኛ የሆነበትን ቀን መተው አልፈለግሁም፤ ከዚያ ሽንፈት በኋላ ወደ ልምምዱ ተመልሶ የሠራውን ሥራ የሚያስረዳ እርሱ ነውና።

በ1957 ዓ.ም. መግቢያ፥ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊደርስ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፥ አበበ በትርፍ አንጀት በሽታ ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እንዲህ ያለ ሰው ውድድሩን ይጨርሳል ብሎ የገመተ ብዙ አልነበረም። እርሱ ግን ቍስሉ እንደ ጠገገለት ልምምዱን ጀመረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጎዳና በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ ጊዜ እንደ ገና የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሽሎ ገባ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። ያ ሁሉ ሕዝብ አበበ ተዝለፍልፎ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ፥ እርሱ በሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን እያነሣና እያጠፈ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም።

እዚህ ላይ ወደ ክርክራችን ልመለስ። አበበም መድኃኒት ወስዷል የሚል ተከራካሪ ቢነሣ እውነቱን ነው፤ በሐኪም ቢላዋ ታክሞ፥ የሐኪም መድኃኒት ተቀብሎ ድኗል። ነገር ግን ያ ሕክምና የታመመውን ሰው ወደ ጤንነቱ መለሰው እንጂ ከጤነኛ በላይ አላደረገውም። የቀረውን ሥራ የሠራው ራሱ ነው። አበረታች መድኃኒት የሚባለው ግን ላልታመመ ሰው የሚሰጥ ነው። በሕመምተኛው እጅ ፈውስ የነበረው በጤነኛው እጅ መርዝ ይሆናል። ለምሳሌ ኢ.ፒ.ኦ. የሚባለው መድኃኒት ኩላሊታቸው ለታመመና ደም ላነሳቸው ሰዎች እጅግ ይጠቅማል። ጤነኛ ሯጭ ሲወስደው ግን ደሙ እየወፈረ ይሄዳል፤ የወፈረ ደም ረግቶ የልብን ወይም የአንጎልን ሥር ሊዘጋ ይችላል። ተራራና መርፌ አንድ ናቸው ብዬ የተከራከርሁት እዚህ ላይ ይፈርሳል። በተራራ ላይ የሚለማመድ ሰው ሰውነቱ ራሱ መጠኑን ያውቃል፤ የሚበቃውን ያህል ጨምሮ ይቆማል። መርፌ ግን መጠኑን የሚያውቀው በሚወጋው ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ያም ሰው ማሸነፍ የሚፈልግ ነው።

በማራቶን ውድድር መድኃኒት የተጀመረው ትናንት አይደለም። በ1896 ዓ.ም. በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ በተደረገው ኦሊምፒክ፥ አሸናፊ የሆነው ቶማስ ሂክስ በመንገድ ላይ ስትሪክኒን የሚባል የአይጥ መርዝ ከእንቁላል አስኳል ውጭ ካለው ነጩና ከብራንዲ ጋር እየተቀላቀለ ይሰጠው ነበር። ቆሞ መሄድ እስኪያቅተው፥ አእምሮውም እስኪናወጥ ድረስ ደርሶ በሰው ተደግፎ ገባ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ማነቃቂያ መድኃኒትን በ1920 ዓ.ም. ከለከለ፤ ነገር ግን መመርመሪያ ስላልነበረ ክልከላው በወረቀት ላይ ቀረ። ሐምሌ 6 ቀን 1959 ዓ.ም. ታዋቂው እንግሊዛዊ ብስክሌተኛ ቶም ሲምፕሰን በፈረንሳይ አገር በሞን ቫንቱ ተራራ ዳገት ላይ በሙቀት መካከል ወድቆ ሞተ። በሰውነቱ ውስጥ አምፌታሚን የሚባል መድኃኒትና አልኮል ተገኘ። አምፌታሚን ጉልበት አይፈጥርም፤ ድካምን ይደብቃል እንጂ። ድካም የሰውነት ዘበኛ ነው። አደጋ ሲመጣ ቀድሞ የሚጮኸው እርሱ ነው። ዘበኛውን ያስተኛ ሰው ቤቱ ሲዘረፍ አይሰማም።

ይህን ካልሁ በኋላ ወደ ሜክሲኮ ከተማ እንሂድ። ከሲምፕሰን ሞት በኋላ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ምርመራ ስላዘዘ፥ በ1961 ዓ.ም. የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች ተመረመሩ። በዚያም አንድ ስዊድናዊ ተወዳዳሪ ከሽጉጥ ተኩስ በፊት እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ቢራ በመጠጣቱ ውጤቱ ተሰረዘበት፤ በአበረታች ነገር ምክንያት ከኦሊምፒክ የተሰረዘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። አበበም ሦስተኛ ድሉን ለማግኘት ጥቅምት 10 ቀን በዚያው ተሰለፈ። ነገር ግን እግሩ ታሞ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ ሕመሙ ስለ በረታበት አቋርጦ ወጣ። የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ሩጫውን ቀጥሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ገባ፤ ወርቁም ለሦስተኛ ጊዜ የኢትዮጵያ ሆነ።

ከአበበ ታሪክ ሰዎች የሚያነሡት ሮምንና ቶኪዮን ነው። እኔን ግን ብዙ ያሳሰበኝ የሜክሲኮው 17ኛ ኪሎ ሜትር ነው። በዓለም ሁሉ ፊት ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው፥ ሰውነቱ በቃ ሲለው ሰምቶ ማቆሙ ከድል ያላነሰ ጀግንነት ሆኖ ይታየኛል።

ከዚህ በኋላ የመጣበት መከራ ከባድ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሌሊት መኪናውን ሲነዳ ተገለበጠበትና አከርካሪው ተጎዳ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ድነው መሥራት ሲጀምሩ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ዓለምን ያስደነቁ እነዚያ እግሮች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀሩ። አበበ በዚህ ሳይሸነፍ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ አገር በበረዶ ላይ በተንሸራታች በተደረገ ውድድር አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ በአዲስ አበባ ዐረፈ። እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ተቀበረ። በአዲስ አበባ በስሙ የተጠራ ስታዲየም አለ።

አበበ በሮምና በቶኪዮ ሲሮጥ ምርመራ አልነበረም። ስለዚህ ማስረጃው ወረቀት አይደለም፤ ቀስ በቀስ የተገነባ ሕይወቱ ነው። ከእርሱ በኋላ ግን ዓለም ብዙ ነገር አየች። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መንግሥት ራሱ ለወጣት ስፖርተኞች የወንድ ሆርሞን ይሰጥ ነበር። ከተሰጣቸው መካከል ቪታሚን ነው ተብለው የዋጡ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ዕድሜ ልካቸውን ታመሙ። ሐኪም እያየው ቢወሰድ ይሻላል ብዬ ለተከራከርሁት ነገር መልሱ ይኸው ነው፤ እዚያ ሐኪሞቹ እያዩ ነበር። መድኃኒት ቢፈቀድ አልወስድም የሚል ልጅ የመወዳደር መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። አሸናፊውንም የሚመርጠው የሐኪሙ ብልሃትና የገንዘቡ ብዛት ይሆናል። እንዲህ ያለ ደንብ በ1952 ዓ.ም. ቢኖር ኖሮ፥ በባዶ እግሩ ሮም የገባው የጃቶ ልጅ ሀብታሞቹን አገሮች በምን ገንዘብ ይፎካከራቸው ነበር?

ነገሩ የሌላ አገር ብቻ ነው እንዳንልም አንችልም። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር የምርመራ ሥራቸውን በአስቸኳይ እንዲያጠናክሩ ካስጠነቀቃቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አገራችን ይህን የሚከታተል መሥሪያ ቤት አቋቁማለች፤ የተያዙና የታገዱ ሯጮችም አሉ። እነርሱን ስናወግዝ መጀመሪያ ወደ መድኃኒቱ የገፋቸው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ መልካም ነው። እኔ የማውቀውን ልጅ የገፋው ስንፍና አልነበረም። ጊዜ የለህም መባሉ ነው።

ስለዚህ ለዚያ ልጅ ከአበበ ሕይወት ያወጣሁለት አንድ ቍጥር ብቻ ነው፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። የዚህ ልጅ ዕድሜ ገና 16 ነው። ከፊቱ 12 ዓመት እያለው፥ ለጥቂት ሰከንድ ብሎ ልቡንና ኩላሊቱን አሲዞ መበደር የለበትም። እናንተ ወላጆችም፥ ሯጭ ልጅ ያላችሁ፥ እንደ እርሻ ታገሡት ብዬ በትሕትና እለምናለሁ፤ ዘር በተዘራ በማግስቱ አይታጨድም። በክርክሩ የተናገርሁትንም ያ ልጅ ባለበት በዚህ መጽሔት ላይ መልሼ እወስደዋለሁ።

የነገርሁትን ሁሉ ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ማመኑን ግን አልነገረኝም። በማግስቱ ማለዳ አብሬው ልሮጥ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ጥቂት እንደ ሄድን ጥሎኝ ሄደ። እኔ እያለከለክሁ ቆሜ ሳየው፥ የታቦር ተራራ ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ እርሱ ገና ይሮጥ ነበር።